ማማው አሁን ይንበረከካል

ሙሬ፣ የምሕረቴ አባት፣

ከተለየኸን ሦስተኛው መስቀል አለፈ። ዘንድሮም ምሕረትና እኔ ቸሃ፣ ወንድሞችህ ዘንድ ሄደን ዋልን። ክትፎው ሲቀርብ ታላቅ ወንድምህ እንደ ልማዱ አንዱን ጣባ ለብቻ ገለል አድርጎ አስቀመጠው። ያንተ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። በኋላ ልጆቹ ተሻሙበት። ደስ አለኝ። አንተም ብትኖር ለነሱ ነበር የምታጎርሰው።

ይህን የምጽፍልህ ቡታጅራ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ተማሪዎቼን «ደብዳቤ ሲጻፍ አድራሻ ይቀድማል» እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ላንተ ምን ብዬ አድራሻ እንደምጽፍ ግን አላውቅም። ዝም ብዬ ጀመርኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፤ ከመንገድ ስትገባ የምትጠይቀው እሱን ነበርና። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ የሥራ ጓደኛህ ከድር ደፈነው። ዘይቱኑ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ገብቷል፤ ፍሬውን ለሁለት እንለቅማለን። ከተማው ባጃጅ ብቻ ሆኗል፤ አንተ ብረት ተሸክመህ በእግርህ ትወጣበት የነበረውን ዳገት ዛሬ ሽንኩርት የያዘች ሴት ሁሉ በባጃጅ ነው የምትወጣው። ወርክሾፑ እንዳለ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ስምህ ፀሐይ በልቶት ነበር፤ ምሕረት በአዲስ ቀለም ደገመችው። ከድር ዛሬም ሬዲዮውን ከፍቶ ግራይንደሩን ያስነሣል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ራሱ ይዘፍናል። የቱንም መስማት አይቻልም። አንተ ብቻ ነበርክ ከሦስቱ አንዱን ማስቆም የምትችለው።

እናቴ ደህና ናት። ዓይኗ ደከመ እንጂ አፏ አልደከመም።

የተገናኘንበት ቀን ሰሞኑን ደጋግሞ ይመጣብኛል። ደርግ ወድቆ፣ ትምህርት ቤታችን በዚያ ግርግር የተሰባበሩትን ዴስኮች ማስጠገን የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔ ገና ጀማሪ አስተማሪ ነኝ፤ አንተ ብየዳ ተምረህ ከእምድብር የመጣህ ጎረምሳ። ከመስኮቴ ሥር ተቀምጠህ ብረት ትቆርጣለህ። ወጥቼ ተቆጣሁህ። «ልጆቹ እኮ እየተማሩ ነው!» አልኩ። መነጽርህን ወደ ግንባርህ ከፍ አድርገህ፣ በዚያ ቸሃ ቸሃ በሚለው አማርኛህ፣ «መምህርት፣ ቆመው ነው ተቀምጠው የሚማሩት?» አልከኝ። ተማሪዎቼ በመስኮት ሳቁ። እኔ ኮስተር ብዬ ገባሁና ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሳቅሁ።

ከሽምግልናው በኋላ ነው ወላጆቼ ዘንድ የወሰድኩህ። ከእንሴኖ ከተማ ወደ ሰፈራችን በእግር ወረድን፤ ስንደርስ አቧራ ለብሰህ ሌላ ሰው መስለህ ነበር። እናቴ ለአማቿ ክብር ብላ አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አቀረበችልህ። አንተ የምንጭ አገር ልጅ ነህ። ፊትህን ታጠብክ፣ እግርህን ታጠብክ፣ ፀጉርህን ሳይቀር ታጠብክ። የተረፈውን «አቧራውን ያብርድ» ብለህ ደጃፉ ላይ ደፋኸው። እናቴ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ታናሽ እህቴ ባዶውን ጀሪካን አነሣች፤ አህያዋን ፈታች፤ ሄደች። ምሳ ተበላ፣ ጨዋታው ደራ፣ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ እህቴ አልተመለሰችም። «የት ሄዳ ነው?» ብለህ በጆሮዬ ጠየቅከኝ። «ውሃ ልትቀዳ» አልኩህ። ያን ዕለት እራት አልበላህም። እናቴ ምግቡ አልጥም ብሎት ነው ብላ ተከፋች፤ እኔም እውነቱን አልነገርኳትም።

ለመስቀል ያንተ አገር ስሄድ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ከእናትህ የእንሰት ጓሮ በታች የሚወርደውን ምንጭ አየሁት። የሚጠብቀው የለ፣ የሚሰለፍለት የለ፣ ዝም ብሎ እየፈሰሰ ያልፋል። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። «ምነው?» አልከኝ። «ሲባክን» አልኩህ። ልትስቅ ብለህ ተውከው።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የያዘህ። እኛ ሰፈር ጉድጓድ አልጠፋም ነበር። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ የናፍጣ ሞተር ተተክሎለት ነበር። ናፍጣ ሲገኝ መለዋወጫ ይጠፋል፣ መለዋወጫው ሲገኝ ናፍጣው። በመጨረሻ ሞተሩ ዝጎ የአካባቢው ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት ሆነ። የመብራቱ መስመርም በእንሴኖ በኩል ያልፋል እንጂ ወደ እኛ አይታጠፍም። አንድ ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን ሳለ ነፋሱ ኮፍያህን ነጠቀህ። ትከተለዋለህ ብዬ ስጠብቅ አንተ ፊትህን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙረህ ቆምክ። ኮፍያውን ሮጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ውሃውን በነፋስ ልታወጣ፣ ከአሮጌ በርሜል ክንፍ ቆረጥክ፤ ከወደቀ መኪና ዘንግ አወጣህ። ግቢያችን ውስጥ መንኮራኩሩን አቁመህ ስታሽከረክረው ጎረቤቶቻችን «ሙራጋ አውሮፕላን ሊሠራ ነው» ብለው አወሩ። ምሕረት በጀርባዬ ሆና ክንፎቹ በዞሩ ቁጥር ታጨበጭብ ነበር። መንኮራኩሩን የተሸከመው ማማ ሰፈራችን ጉድጓድ ላይ ሲተከል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። የመጀመሪያው ውሃ የዝገት ውሃ ነበር፣ ቀይ። ሁላችንም ደነገጥን፤ አንተ ብቻ «ይጠራል» አልክ፤ ጠራ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ረድያ እጇን ከቧንቧው ሥር ይዛ «አልሃምዱሊላህ» አለች። እናቴ በበኩሏ «ጌታ ይመስገን» አለች። ወዲያውም ሁለቱ በወረፋ ተጣሉ።

ማማው ላይ መውጣት ያስደስትህ ነበር። ለቅባትም ቢሆን፣ ቡሎን ለማጥበቅም ቢሆን፣ ምክንያት አታጣም። ከላይ ሆነህ «ወይንዬ፣ የእንሴኖ ገበያ ሞልቷል! ዝዋይ ሐይቅ ይታየኛል!» ብለህ ትጮኻለህ። ሐይቁ እንደማይታይህ አውቃለሁ። ግን «ውሃው ምን ይመስላል?» እልሃለሁ፤ አንተም እስክትወርድ ድረስ ትነግረኛለህ።

ሚያዝያ ሲመጣ ነፋሱ ሞተ። ሙቀቱ መሬቱን ይዞት ክንፎቹ እንደ ሥዕል ቆሙ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ከሥሩ ተቀመጡ። ረድያ «ሙራጋ፣ ያንተ ነፋስ ዛሬ የት አደረ?» ስትልህ ሁሉም ሳቁ። አንተም ሳቅክ። ቤት ስትገባ ግን መሣሪያህን ወርውረህ ሳትታጠብ ተኛህ። በየዓመቱ ያ ወር ሲደርስ እንዲሁ ነበርክ። እንግዳ እንኳ ሲመጣ ቀድመህ የምታወራው ስለ ነፋስ ነበር።

ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሪክ ስትማር የኮራኸውን ኩራት አልረሳውም። አንድ ክረምት ለዕረፍት መጥታ «አባዬ፣ ሶላር እናስገባ» ስትልህ ግን ፊትህ ተለወጠ። በሁሉም ዘንድ ሶላር የሚባል ነገር የተጀመረበት ጊዜ ነበር፤ እንሴኖ ገበያ ላይ እንኳ ለስልክ ቻርጅ ትንሽ ሰሌዳ ጣሪያቸው ላይ የሰቀሉ ነበሩ። አንተ የሰማኸው «ማማህ ይፍረስ» ያለችህ ያህል ነው። ለቀናት ከልጅህ ጋር በደንብ አላወራህም። እሷም ያንተ ልጅ ናትና እንቢ አለች። «አባዬ፣ ማማህን አላልኩም። ያን ረጅም ዘንግ እናውጣና ላዩ ላይ ዲናሞ እንስቀልበት። ነፋሱም መብራት ይስጥ፣ ፀሐዩም መብራት ይስጥ፤ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ፓምፕ እናውርድ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትታል» አለችህ። አንተ «አያለሁ» ብለህ ተነሣህ። ያንተ «አያለሁ» ደግሞ እንቢታ ማለት ነው።

ነገሩን የቆረጠችው ረድያ ናት። ሦስታችን ሰፈር በሄድንበት ቀን ክርክራችሁን ቆማ ሰማችና፣ «ወላሂ እናንተ ሰዎች ትገርማላችሁ። እኛ የለመንነው ውሃ ነው። ነፋስ ያውጣው ፀሐይ ያውጣው፣ እንስራው ምን ቸገረው?» አለች። አንተ መሳቅ ጀመርክ፤ ሳቁ አላቆም አለህ፤ ዓይንህን በክንድህ እየጠረግህ ምሕረትን ወደ ደረትህ ሳብካት።

ያ ዓመት ከትዳራችን ሁሉ የምወደው ነው። ሰሌዳዎቹ በአንድ የልማት ድርጅት እርዳታ መጡ። ማቆሚያቸውን አንተና ከድር በየዳችሁት፤ ሽቦውን ምሕረት ዘረጋችው። አባትና ልጅ ቁልፍ እየተቀባበላችሁ፣ እየተነታረካችሁ፣ ከአንድ ሰሐን እየበላችሁ። ቀን ቀን ፀሐዩ ይጎትት ነበር። ፀሐይዋ ስትጠልቅና ከብቱ ሲገባ ከቆላው የሚነሣው የምሽት ነፋስ ይረከባት ነበር። በክረምት ደመናው ሰማዩን ሲዘጋውም ነፋሱ አይጠፋም። የሚያዝያ ነገር አበቃ። ታናሽ እህቴ የውሃ ቦኖው አጠገብ ቃሪያና ጎመን ተከለች። አንተም መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሁሉ እየያዝክ «የልጄ ሥራ ነው» ትላለህ። ምሕረት ደግሞ «የአባቴ ነው» ትላለች።

አሁን የምጽፈው የሚከብደኝን ነው፤ ግን ካንተ የምደብቀው የለኝም።

ያን የየካቲት ከሰዓት በኋላ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የሆነውን የነገረኝ ከድር ነው። ነፋሱ ድንገት አውሎ ሆነ። ፍሬኑን ከታች የሚስበው ሽቦ ተጣበቀ። ክንፎቹ ለዓይን እስኪጠፉ ፈጠኑ፤ ማማው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከሥሩ ቦኖው ላይ ሴቶች ነበሩ። «ራቁ! ከብቱንም አርቁ!» ብለህ ሁሉንም አስለቀቅክ። ከድር ሸሚዝህን ይዞ «ተወው ሙራጋ፣ ብረት ነው፤ ይውደቅ!» አለህ። «የውሃ ታንከሩ ላይ ከወደቀ ነገ ምን ይጠጣሉ?» ብለህ ወጣህ። ፍሬኑን በእጅህ አሠርከው። ክንፎቹ ቆሙ። ከድር ዛሬም ሲያስታውስ የሚደጋግመው ይህንኑ ነው፤ «ቆሞለት ነበር እኮ፣ ቆሞለት ነበር።» እግርህ ከድቶህ የወደቅኸው ስትወርድ ነው። ወደ ቡታጅራ በሚያመጣህ መኪና ላይ፣ ጭንቅላትህ ከከድር ጉልበት ላይ ሆኖ፣ ሳትደርስልኝ ቀረህ።

ውሃውን ጠላሁት፣ ሙሬ። ለቀብር የመጣውን የሰፈሩን ሰው ፊት ለፊት ማየት አቃተኝ። ረድያ እጄን ስትይዘኝ «ያን ብረት ከዓይኔ አጥፉልኝ» አልኳት። ቃሌ ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ የምጠጣውን ከቡታጅራ በጠርሙስ ይዤ እሄድ ነበር። እናቴ ታያለች፤ ምንም አትልም። ያ አፏ የማያርፈው እናቴ።

ማማውን አላፈረሱትም። ክንፎቹን በገመድ አስረው ተዉት። እኔም ላለማየት በሌላ መንገድ ዞሬ እገባ ነበር። ምሕረት ስትመረቅ ጥቁር ገዋኗን ለብሳ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶ አንሺው «አባት በዚህ በኩል» ብሎ ቦታ ሲያስለቅቅ ከድር ዘሎ ገባና ቆመ። ሱፉ ያንተ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት። እጅጌው አጥሮታል።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ረድያ እናቴን ይዛ ቡታጅራ ቤታችን መጣች። በርበሬና በቆሎ ይዘው ነበር። ተጫወቱ፣ ሳቁ፣ ሊሄዱ ተነሡ። በሩ ላይ ስሸኛቸው የረድያን እጅ አየሁት፤ መዳፏ በገመድ ተልጦ ቆስሏል። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። ልትሸሽገው ሞከረች። የተናገረችው እናቴ ናት። «ክረምቱን በሙሉ ደመና ነበር። ፀሐዩ ብቻውን አልቻለም። እንደ ድሮው ወንዝ ስንወርድ ከረምን» አለች። «ታዲያ ነፋሱን ለምን አልፈታችሁትም?» ብዬ ጮኽኩ። ረድያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ አጥፉልኝ ብለሽናል። ማፍረስ እጃችን እንቢ አለ፤ መፍታት ደግሞ አፈርን። ሙራጋ ለእኛ ሲል ነው የሄደብሽ። እስክትይ እንጠብቃለን ተባባልን» አለችኝ። ሳመችኝና ሄዱ። ፍቺልን አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም።

በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚያን ሁሉ ጊዜ ያለቀስኩት ለራሴ ነበር፤ ያን ቀን ግን ላንተ አለቀስኩ። በእናቴ ቤት እራት ያልበላኸው ሰውዬ በዚያ ክረምት ብትኖር ምን እንደምትሆን አሰብኩ። ምሕረት ስትመጣ ነገርኳት። «ይፈታ» አልኩ። «ግን ከእንግዲህ ማንም ሰው እዚያ ላይ አይወጣም። አንቺም፣ ከድርም፣ ማንም።» ልጅህ፣ «እማ፣ እኛ ካልወጣን እሱ ይውረድ» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷና ከድር ወርክሾፑ ውስጥ ወራት ሠሩበት። ማማውን ከግርጌው ቆርጠው ትልቅ ማጠፊያ በየዱለት፤ ልክ እንደ በር፣ ግን ወደ መሬት የሚከፈት። በሽቦ ገመድና በመዘውር ቀስ እያለ ይጋደማል፤ ሥራው ሲያልቅ ይነሣል። ሰፈሩ «ግመሉ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ይንበረከካላ! ከድር የሚበየደውን እያንዳንዱን ቦታ ደግሞ ደግሞ ይፈትሽ ነበር። ሬዲዮውን አልከፈተም።

ክረምቱ ሳይገባ አነሣነው። ወንዱም ሴቱም ገመዱን ያዘ። ምሕረት ከፊት ቆማ እጇን ስታነሣ ሁሉም «ሆ!» ይላል፣ ይስባል፤ ስታወርድ ያርፋል። እኔ ዳር ቆሜ ነበር። መሃል ላይ ሲደርስ ከበደና ተንገጫገጨ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ከረድያ ኋላ ገመዱን ጨብጬ ስስብ ነው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ክንፎቹን የያዘው ገመድ ተፈታ፤ ትንሽ አመነቱና ዞሩ። ያን ምሽት ከብቱ ሲገባ ውሃው አልተቋረጠም። እናቴ በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። ለካ ጣዕሙ ጠፍቶኝ ነበር፤ ያ የብረት ጣዕም፣ ካንተ እጅ የማውቀው።

ትላንት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አንበረከክነው። ዘንድሮ እንዲህ ተስማማን፤ በየዓመቱ ከመስቀል ማግሥት ባለው ሳምንት ማማው ይወርዳል፣ ይጸዳል፣ ቡሎኑ ይጠብቃል፣ ክንፎቹን የሚያዞረው ኩሽኔታ ግሪስ ይቀባል። እኛ የወንጌል አማኞች ቤት ተዝካር የለም፤ ታውቃለህ። ሰው በዓመቱ ምን እያደረገ ሟቹን እንደሚያስብ ሳላውቅ ሦስት ዓመት ተቸግሬ ነበር። ትላንት ምሕረት የግሪሱን ጣሳ ይዛ ወደ ከድር ስትሄድ ከድር ራሱን ነቀነቀና በአገጩ ወደ እኔ አሳያት። ቀሚሴን ሰብስቤ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። አንተ ከሰማይ ጋር ሆነህ ትነካካው የነበረው ነገር ከጉልበቴ ፊት ተጋድሞ ነበር። በጣቴ ግሪሱን ዘግኜ ኩሽኔታውን ቀባሁት፤ ዙሪያውን፣ ውስጡን፣ ምሕረት «በቃ እማ» እስክትለኝ።

እጄን በሳሙና ብታጠብም አለቀቀም። ይህን ወረቀት ጠርዙ ላይ ያጠቆረው እሱ ነው፤ አትታዘበኝ። እጄ ጣሳ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ በየዓመቱ እኔ እቀባዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምሕረት። ስምህንም እየጠራሁ ነው የምቀባው፣ ሙሬ፤ ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማኝ።

ያንተዋ
ወይንሸት